ገራባ (ከጫት የሚተርፈው) ላይ እንጉዳይ ያበቀለ አለ? (ድሬዳዋ)

የከዚራ ልጅ፦

ሰላም ጀማዓ፣ እንዴት ናችሁ?

ከዚራ ነው የምኖረው። ጓሮ ውስጥ አንዲት ባዶ ክፍል አለችን። ድሮ አያቴ ከሰል ታስቀምጥባት ነበር። ዝም ብላ ከምትቀመጥ እንጉዳይ ላብቅልባት ብዬ ተነሳሁ። ኦይስተር የሚሉትን፣ ያንን ጆሮ የሚመስለውን። ዘሩን አዲስ አበባ ካለ ሰው 2 ኪሎ ገዝቼ በአውቶቡስ አስላኩት።

ያየሁት ቪዲዮ በሙሉ "የስንዴ ገለባ" ይላል። አቦ፣ ድሬ ላይ የስንዴ ገለባ ከየት ይመጣል? እዚህ በነጻ የተረፈን ነገር ገራባ ነው። ወደ ማታ በየበሩ ቁልሉን ታዩታላችሁ። ፍየሎቹ የመረጡትን በልተው እንጨቱ ይቀራል። በቃ ይኼን ነው መሰብሰብ አልኩ።

ያደረግኩት እንዲህ ነው። ገራባውን በገጀራ ከታተፍኩ። ሌሊቱን ውኃ ውስጥ አሳደርኩት። ጠዋት የፈላ ውኃ ከላይ ቸለስኩበት። ሲበርድ ጨምቄ ከዘሩ ጋር አደባለቅኩና 10 ፌስታል ሞላሁ። በ6ኛው ቀን 7ቱ አረንጓዴ ለበሱ። ሦስቱ ነጭ ድር መሳይ ነገር ጀምረው ቆሙ። ክፍሉ የከረመ ጎመን ይሸታል። እናቴ "ከሰሉ ይሻል ነበር" ብላኛለች።

ጥፋቱ የገራባው ነው የእኔ?

ባቡር ሰፈር፦

ቆይ መጀመሪያ ዋናውን ንገረን። ሲበሉት ያመረቅናል?

የከዚራ ልጅ፦

አልበቀለም እያልኩህ! ቢበቅል ኖሮ በመጀመሪያው መስመር እነግርህ ነበር።

ሻጋታ አዳኝ፦

ሐረማያ ነው እርሻ የተማርኩት። የመመረቂያ ሥራዬ እንጉዳይ ስለነበር ትንሽ ላስረዝም፣ ይቅርታ።

አረንጓዴው ትሪኮደርማ ይባላል። የእንጉዳይ አብቃይ ሁሉ ጠላት ነው። በእህልም በገለባም በአፈርም ላይ አለ፤ አንተ ጋ አዲስ ነገር አልመጣም። የመጣው ዕድል ነው። የፈላ ውኃ ከላይ መቸለስ እኮ ማብቀያውን ማስደንገጥ እንጂ ማጽዳት አይደለም። ውኃው ቀዝቃዛውንና እርጥቡን ገራባ ሲነካ ወዲያው ይበርዳል። የሚፈለገው መሀሉ ድረስ ከ65 እስከ 80 ዲግሪ ሆኖ ቢያንስ 1 ሰዓት፣ ቢቻል 2 ሰዓት እንዲቆይ ነው። በርሜል፣ ክዳን፣ እሳት። የምግብ ቴርሞሜትር ካገኘህ ግዛ፤ በእጅ ተነክቶ አይታወቅም።

ሁለተኛ፣ ገራባ አንድ ነገር አይደለም። እንጨቱ አለ፣ የተረፈው ቅጠል አለ፣ ለስላሳው ጫፍ አለ። ኦይስተር በተፈጥሮው እንጨት በላተኛ ነው። የእንጨቱን ጠንካራ ክፍል፣ ሊግኒን የሚባለውን፣ ሰባብሮ መብላት ይችላል። ሻጋታ ያን አይችልም። ሻጋታ የሚችለው ለስላሳውንና ስኳር ያለበትን ነው። አንተ ቅጠሉን ከእንጨቱ ጋር ስትጨምር ለሻጋታው ቁርስ አቀረብክለት። እንጉዳዩ ምሳው ላይ እስኪደርስ ቤቱ ተወርሷል።

ሦስተኛ፣ ክፍሉ ስንት ዲግሪ ነው?

የከዚራ ልጅ፦

ቀን 34። ሌሊት 27፣ 28። ግንቦት ነው እኮ።

ሻጋታ አዳኝ፦

እሱ ነው እንግዲህ። ነጩ ድር ሲያድግ ራሱ ሙቀት ያወጣል። የፌስታሉ መሀል ከክፍሉ አየር በጥቂት ዲግሪ ይበልጣል። 34 ላይ ተጨምሮበት አስበው። ኦይስተር ድሩን ሲዘረጋ 24፣ 25 አካባቢ ይመቸዋል። እነዚያ ጀምረው የቆሙት ሦስቱ በሻጋታ አልሞቱም፤ ሞቀባቸው።

ፈረስ መጋላ፦

ሰላም ለሁላችሁ። እኔ ሐረር ነኝ፤ እንጉዳይ ከጀመርኩ 4ኛ ዓመቴ ነው። ዕድሜዬም ከእናንተ ሳይበልጥ አይቀርም።

ልጄ፣ መጀመሪያ ስለ ሙቀቱ። ሐረር ከድሬ በ600 ሜትር ያህል ከፍ ይላል። ደንገጎን ወጥተህ መስኮት ስትከፍት የሚሰማህ ንፋስ፣ እሱ ነው ልዩነቱ። ለእኔ የግንብ ቤት ውስጥ ኦይስተር ዓመቱን ሙሉ ይወጣል ማለት ይቻላል። አንተ ጋ ከጥቅምት እስከ ጥር ነው ወቅቱ። ግንቦትና ሰኔን እርሳቸው።

ወደ ማብቀያው ልምጣ። ስጀምር እንዳንተው ነበር የማስበው። ቆሻሻ በነጻ፣ እንጉዳይ በገንዘብ። ከዚያ ቆሻሻ ፍለጋ ወጣሁ። ምን አገኘሁ? ቆሻሻ የሚባለው ሁሉ ባለቤት አለው።

የማሽላ አገዳ? የሐረርጌ ገበሬ በሬ የሚያደልበው በምን ሆነና! ቅጠሉ መኖ ነው፣ አገዳው ማገዶ ነው፣ አጥር ነው። የቡና ገለባ? ሐረር ላይ ሆጃ ተፈልቶ ከወተት ጋር ይጠጣል። የቢራ ፋብሪካ ተረፈ ብቅል? ላም አርቢዎች ተሰልፈውበታል። ሰጋቱራ? አንድ ጊዜ ከእንጨት ቤት በነጻ ወሰድኩ፤ በሁለተኛው ሰጠኝ፤ በሦስተኛው "ስንት ትከፍላለህ?" አለኝ። ለሰጋቱራ ምድጃ የሚገዛው ሰው ነበረው፤ እኔ አላየሁትም እንጂ።

ስለዚህ አሁን ገበሬ ጋ ሄጄ አገዳ የምገዛው ኅዳርና ታኅሣሥ ነው፣ አጨዳ ላይ። ያኔ ርካሽ ነው። አድርቄ ጣሪያ ሥር እከምረዋለሁ። ዝናብ የነካውን አልወስድም።

ሳቢያን፦

ጋሼ፣ ሰጋቱራው ግን ሠራ ወይ? እኛ ሰፈር ሦስት አናጺ አለ።

ፈረስ መጋላ፦

የባሕር ዛፉ ሠራ። የፈረንጅ ጽዱ አልሠራም፤ ሙጫ አለው፣ ድሩ አይወደውም። አናጺ ቤት ደግሞ ሁሉም ተቀላቅሎ ነው የሚጠረገው። ከሁሉ በላይ ኤምዲኤፍና ቺፑድ የሚቆርጥ ቤት ከሆነ እንዳትነካው። ያ እንጨት አይደለም፣ ኮላ ነው። የሰው ምግብ ታበቅልበታለህ?

የአወዳይ መንገድ፦

ስለ ገራባው አንድ ነገር ልበል፤ ማንም አላነሳውም።

እኔ ጫት ጫኝ ነበርኩ፣ ለዓመታት። ማሳ ላይ የሚረጨውን በዓይኔ አይቻለሁ። ምን እንደሆነ እንኳ ስም የሌለው ጠርሙስ። ዛሬ ተረጭቶ በሳምንቱ የሚቆረጥ አለ። ያንን ገራባ ሰብስበህ፣ እንጉዳይ አብቅለህ፣ ለሆቴል ልትሸጥ ነው?

የከዚራ ልጅ፦

ሰው ትኩሱን ይቅመው የለ እንዴ? ቅጠሉን ካልገደለው እንጨቱ ይገድለዋል?

የአወዳይ መንገድ፦

ቃሚው የሚቅመውን ያውቃል። እንጉዳይ በጥብስ ያዘዘው ሰው ግን ገራባ እንደበላ አያውቅም። ልዩነቱ ይኼ ነው።

ሻጋታ አዳኝ፦

የአወዳይ መንገድ ልክ ነው። እዚህ አገር የተሠሩ ምርመራዎች ጫት ላይ የዲዲቲ ቅሪት አግኝተዋል። ዲዲቲ ደግሞ ቶሎ የማይጠፋ መድኃኒት ነው፤ ለወባ ትንኝ ተብሎ የመጣው ማሳ ገብቶ ነው።

እንጉዳይ ደግሞ ያለበትን ነገር ይስባል። በተለይ ካድሚየም፣ እርሳስና ሜርኩሪን የመሳሰሉ ከባድ ብረቶችን። "ኦይስተር መርዝ ይሰባብራል" ሲባል ትሰሙ ይሆናል። እውነት ነው፣ አንዳንዱን ይሰባብራል፤ የተበከለ አፈር ለማጽዳትም ይሞከራል። ግን እሱ ለጽዳት ነው፣ ለምሳ አይደለም።

ለባቡር ሰፈር ደግሞ፦ አታስብ። ጫት ትኩስ ካልሆነ ዋጋ የሚያጣው የሚያነቃው ነገር፣ ካቲኖን የሚባለው፣ ከተቆረጠ በኋላ በጥቂት ቀን ስለሚፈርስ ነው። ገራባ ሆኖ፣ ውኃ ውስጥ አድሮ፣ ተቀቅሎ፣ ሻግቶ... ምርቃናህ እዚያው በርጫው ላይ ቀርታለች።

ባቡር ሰፈር፦

ከዚህ ክር ወጣሁ።

(አልወጣሁም። ቀጥሉ።)

እሙ ሀያት፦

አሰላሙ አለይኩም። ዝም ብዬ ሳነብ ነበር። እኔ ቀፊራ ለውዝ እፈለፍላለሁ፣ የለውዝ ቅቤም እሠራለሁ። ለውዙ ከባቢሌ ነው የሚመጣልኝ። ቅርፊቱ ቤቴን ሞልቶታል። ዳቦ ጋጋሪዎች ለማገዶ አንዳንዴ ይወስዱልኛል፤ አብዛኛው ግን ይጣላል። ለእንጉዳይ ይሆናል?

ፈረስ መጋላ፦

ወዓለይኩም ሰላም። እንዴት አይሆንም እሙ ሀያት! እሱን ነው ስንፈልግ የከረምነው።

ሻጋታ አዳኝ፦

ይሆናል። የለውዝ ቅርፊት ሊግኒኑ ብዙ ነው፣ አየርም ያስገባል። ሁለት ነገር ግን አለው።

አንደኛ፣ ውኃ ቶሎ አይጠጣም። ሙሉውን ከነክሩት ይንሳፈፋል። ሰባብረው፣ ከላይ ድንጋይ ጭነው 24 ሰዓት ያቆዩት። ለብቻው ከመሆን ከአገዳ ጋር ቢደባለቅ እርጥበት ይይዛል።

ሁለተኛው ከበድ ይላል። የባቢሌና የፈዲስ አካባቢ ለውዝ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ የሚያመነጭ ሻጋታ ይይዘዋል። ይሄ አካባቢያችን የሚታወቅበት ችግር ነው። ሻጋታውን ሙቀት ይገድለዋል፤ መርዙን ግን በእኛ በርሜል ሙቀት ማጥፋት አይቻልም። ስለዚህ የጠቆረ፣ ቢጫ አረንጓዴ ዱቄት ያለበት፣ የሻገተ ሽታ ያለው ቅርፊት አይገባም። ተጨማደው የተጣሉት ፍሬዎችም አብረው እንዳይገቡ፤ ከቅርፊቱ ይልቅ እነሱ ናቸው የሚያሰጉት። ደረቅና ንጹሕ ብቻ።

እሙ ሀያት፦

እሱን እኔ ለቅሜ ነው የምጥለው ልጄ፣ ለራሴም ሥራ ስለማይሆነኝ። የተለቀመውን ለብቻ፣ ቅርፊቱን ለብቻ አደርግላችኋለሁ።

የከዚራ ልጅ፦

እሙ ሀያት ዕድሜ ይስጥዎት! ስንት ላስብ?

እሙ ሀያት፦

ጆንያውን ይዘህ ና እንጂ ምን ስንት ይላል። ሲበቅል ታቀምሰኛለህ።

ሳቢያን፦

ካርቶንስ? ታይዋን ገበያ አንድ ከሰዓት ብትቆም ጋሪ የሚሞላ ካርቶን ታገኛለህ። እሱም ባለቤት አለው ካላችሁኝ ተስፋ እቆርጣለሁ።

ፈረስ መጋላ፦

አለው እንጂ! ሰብስበው በኪሎ የሚሸጡ ልጆች አሉ። ግን ጥቂት ይሰጡሃል።

ካርቶን ይሠራል፣ እንጨት ነው እኮ። ቡናማውን ውሰድ፤ የሚያብረቀርቀውንና ቀለም የበዛበትን ተው። ፕላስተሩን ላጥ። ችግሩ ባዶ ምግብ መሆኑ ነው፤ ምርቱ ይሳሳል። ትንሽ ፉርሽካ ብትጨምር ይሻላል፣ ከመቶ አምስት እጅ ያህል። አብዝተህ ከጨመርክ ያው ቁርስ ለሻጋታ ነው፣ እንደተባለው።

እኔ ካርቶን የምጠቀመው ለሌላ ነገር ነው። ዘር ሲያንሰኝ፣ የራሴን እንጉዳይ እግር፣ ያንን ከማብቀያው ጋር ተጣብቆ የሚቀረውን፣ በረጠበ ካርቶን መሀል አነጥፈዋለሁ። በ10፣ 15 ቀን ነጭ ድር ይወርሰዋል። ያንን ቆራርጬ እዘራለሁ። ሁሌ አይሳካም፤ ሲሳካ ግን የአውቶቡስ ሂሳብ ያስቀራል።

ሳቢያን፦

በርሜል የማፍላት ማገዶው ነው የሚያስፈራኝ። ከሰል እኮ...

ሻጋታ አዳኝ፦

ኖራ አለልህ። እሳት አያስፈልግም።

100 ሊትር ውኃ ላይ 200 ግራም ያህል ኖራ በጥብጥ። ከታች ትንሽ ነጭ ዝቃጭ ከቀረ በቂ ነው ማለት ነው። አገዳውን ጆንያ ውስጥ አድርገህ ድፍቀው፣ ድንጋይ ጫንበት፤ ከ12 እስከ 18 ሰዓት ይቆይ። ውኃው የኮምጣጣ ተቃራኒ ይሆናል፤ ፒኤቹ፣ የኮምጣጣነት መለኪያው ማለት ነው፣ 12 ይደርሳል። አብዛኛው ሻጋታና ተባይ ይሞታል። ከዚያ አውጥተህ አንጠልጥለህ ማጠንፈፍ ነው። ማጠብ የለም። ኦይስተር የቀረውን ኖራ ይችለዋል።

ኖራው ግን ትኩስ መሆን አለበት። ተከፍቶ የከረመ ኖራ አየር እየጠጣ ይሞታል፤ የግድግዳ ጠመኔ ነው የሚሆነው። ብዙ ሰው "ኖራ ሞከርኩ አልሠራም" የሚለው በዚህ ነው። ጓንት አድርግ። ዓይን ውስጥ ቢረጭ ቀልድ የለውም።

እርጥበቱን በእጅ ልካው። ጨብጠህ አጥብቀህ ስትጨምቅ ሁለት ሦስት ጠብታ ከወጣ ልክ ነው። እየፈሰሰ ከወረደ በዛ። ምንም ካልወጣ ደረቀ።

የደቻቱ ዳር፦

ለምን ኦይስተር ላይ ሙጭጭ አላችሁ? ሙቀት የሚወድ እንጉዳይ እኮ አለ። የሩቅ ምሥራቅ ሰዎች በሩዝ ገለባ የሚያበቅሉት፣ ከ30 እስከ 35 ዲግሪ የሚፈልግ። ሕንዶች "የወተት እንጉዳይ" የሚሉትም ነጩና ወፍራሙ አለ፣ እሱም ሙቀት ይወዳል። ድሬ ማለት ለነሱ ገነት ናት።

ሻጋታ አዳኝ፦

ልክ ብለሃል። የገለባ እንጉዳዩ ፍጥነቱ ይገርማል፤ ከተዘራ በሁለት ሳምንት ሊለቀም ይችላል። የሙዝ ቅጠልና የጥጥ ተረፈ ምርትም ይመቸዋል። ጣጣው ግን ከለቀምከው በኋላ ነው። ፍሪጅ አይችልም፤ ብርድ ሲነካው ይቀልጣል። በዚያው ቀን ካልተሸጠ አለቀ። የወተት እንጉዳዩ በተቃራኒው ይቆያል፤ ለሱ ደግሞ ከላይ አፈር ማልበስ ያስፈልጋል፣ አፈሩም የጸዳ መሆን አለበት።

ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሞክር ኦይስተር ነው። ይቅር ይላል። ጀርመኖችም በ1917 እ.ኤ.አ. በጦርነቱ ረሃብ ጊዜ በዛፍ ጉቶ ላይ ያበቀሉት ለዚህ ነው፤ ብዙ አይጠይቅም።

የከዚራ ልጅ፦

ጀማዓ፣ ገባኝ። ገራባውን ተውኩት። እስከ ጥቅምት እጠብቃለሁ። የአያቴን ክፍል ኖራ እቀባለሁ። እስከዚያ ክሩን አትዝጉት።

ባቡር ሰፈር፦

ድሬ ላይ ጥቅምትን የሚጠብቅ እንጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ሁላችንም ነን።

(ከ6 ወር በኋላ)

የከዚራ ልጅ፦

ተመለስኩ! ኅዳር ነው፣ ቀን 26፣ ሌሊት ብርድ ልብስ እየለበስን ነው። የሆነውን ልንገራችሁ።

12 ፌስታል ሠራሁ። እያንዳንዱ ሲሞላ በደረቁ 1 ኪሎ ነበር፣ ሚዛን ተውሼ መዝኜ። 3ቱ አገዳ ብቻ። 6ቱ የእሙ ሀያት ቅርፊትና አገዳ፣ እኩል በእኩል። 3ቱ ካርቶን ከትንሽ ፉርሽካ ጋር። ሁሉንም በኖራ። ኖራውን ከታሸገ ከረጢት ገዛሁ፣ ትኩስ። ዘሩ "ፍሎሪዳ" የሚሉት ነጩ ዓይነት ነው፤ ሙቀት ትንሽ ይችላል አሉኝ።

አንድ ካርቶን አረንጓዴ ሆነ። አንዱን ቅልቅል አይጥ በላው። የእንጉዳዩ ዘር የተባዛበትን ማሽላ ፍለጋ ፌስታሉን ቀደደ፤ እንጉዳዩን አልፈለገም። ጋሼ ይኼን ለምን አልነገሩኝም?

የቀሩት 10 ነጭ በነጭ ሆኑ። አገዳው በ16 ቀን፣ ቅልቅሉ በ20፣ ካርቶኑ በ24። ከዚያ ፌስታሉን በምላጭ ሰነጠቅኩና ውኃ መርጨት ጀመርኩ። ጆንያ አርጥቤ በበሩና በመስኮቱ ሰቀልኩ። አቦ የድሬ አየር ደረቅ ስለሆነ ጆንያው ክፍሉን እንዴት እንደሚያቀዘቅዘው! በ5ኛው ቀን ሚጢጢ ነገሮች ብቅ አሉ። እናቴ ጎረቤት ጠርታ አሳየች።

ግን ይኸውና ጥያቄዬ። እግሩ ይረዝማል፣ ቆቡ ግን የሸሚዝ ቁልፍ ያክላል። ምንድነው?

ፈረስ መጋላ፦

አይጡን እንኳ ሁሉም ያውቃል ብዬ ነው፤ አፉ በለኝ።

እግር የረዘመው አየር ፍለጋ ነው። መስኮቱን ዘግተኸዋል አይደል?

የከዚራ ልጅ፦

አቧራ ይገባል ብዬ... አዎ።

ፈረስ መጋላ፦

ክፈት። እንጉዳይ እንደኛ ይተነፍሳል፤ አየር ሲታፈንበት አንገቱን ያሰግጋል። ጠዋትና ማታ ግማሽ ግማሽ ሰዓት አናፍስ፤ በእርጥብ ጆንያው በኩል ይግባ። ብርሃንም ይፈልጋል። ፀሐይ አይደለም፤ ጋዜጣ ለማንበብ የሚበቃህ ያህል። ጨለማ የሚያስፈልገው ድሩ ሲዘረጋ ነበር፤ አሁን አልፏል።

የከዚራ ልጅ፦

አራተኛ ቀን፦ ቆቦቹ ተከፈቱ። አንዱ መዳፌን ያክላል።

ሌላ ነገር፦ እናቴ ክፍሉ ስትገባ ታስላለች። የግድግዳው ኖራ ይሆን?

ሻጋታ አዳኝ፦

ኖራው አይደለም። ዘግይተህ እየለቀምክ ነው። ቆቡ ጠርዙ ወደ ታች እንደታጠፈ ሳለ ነው መልቀም። ጠርዙ ተዘርግቶ ወደ ላይ መቀልበስ ሲጀምር ዱቄት የመሰለ ዘር በአየር ይለቃል። በጠዋት በመስኮቱ ጨረር ላይ ጭስ መስሎ ይታያል። ሳንባ ያስቆጣል፤ ለዓመታት በዝግ ክፍል የሠሩ ሰዎች በጠና የታመሙበት ነገር ነው። ማስክ አድርግ። እማማ ክፍሉ እንዳይገቡ። እንጉዳዩም በዚያ ዕድሜው ይጎመዝዛል፣ ይሰበራል፣ ገበያ አይወደውም።

የከዚራ ልጅ፦

እሺ። ሦስት ዙር ለቅሜ ጨረስኩ። በአማካይ ከአንድ ፌስታል የወጣው እንዲህ ነው፦ አገዳ 720 ግራም። ቅልቅሉ 560። ካርቶን 240።

ሻጋታ አዳኝ፦

እንኳን ደስ አለህ! ለመጀመሪያ ጊዜ በጣም ጥሩ ነው። በትኩስ እንጉዳይና በደረቅ ማብቀያ ክብደት ነው የሚሰላው፤ አገዳህ 72 በመቶ ሰጠህ፣ ቅልቅሉ 56።

ሳቢያን፦

ታዲያ አገዳ አሸነፈ። የለውዙ ነገር ዋጋ የለውም ማለት ነው?

የከዚራ ልጅ፦

እንደሱ አላየሁትም እኔ። አገዳውን በገንዘብ ገዛሁ፤ ጋሪም ከፈልኩ። ቅርፊቱን በነጻ ከቀፊራ በእግሬ ተሸክሜ መጣሁ። የወጣብኝን ሳሰላው ቅልቅሉ ይሻለኛል። አገዳ ደግሞ በሰኔ ዋጋው ስንት እንደሚሆን ጋሼ ያውቃሉ።

ፈረስ መጋላ፦

በሰኔ በሬው ከአንተ በላይ ይከፍላል። ልክ ነህ።

እሙ ሀያት፦

እኔ ደግሞ ቀመስኩ። ወላሂ ሥጋ ነው የመሰለኝ። በቀይ ሽንኩርትና በቃሪያ ጠበስኩት፣ ትንሽ የለውዝ ቅቤ በውኃ በጥብጬ ጨመርኩበት። ልጆቼ መጀመሪያ "የጅብ ጥላ አንበላም" ብለው ሸሹ። በኋላ ድስቱን ጠረጉት።

የአወዳይ መንገድ፦

እሙ ሀያት፣ ልጆቹ መፍራታቸው ግን ጥሩ ነው። ዝናብ ሲጥል ሜዳ ላይ የሚወጣውን እንዳይለቅሙ ንገሪያቸው። የሚገድለውና የሚበላው ይመሳሰላል።

ባቡር ሰፈር፦

የጅብ ጥላ ከሆነ ሐረር ላይ ገበያው ሰፊ ነው። ማታ ማታ ከግንቡ ውጭ ደንበኛ ተሰልፎ ይጠብቃል።

ሳቢያን፦

ግን መሸጡ እንዴት ሆነ? በየቤቱ አላየሁም እንጉዳይ ሲበላ።

የከዚራ ልጅ፦

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ከማብቀሉ መሸጡ ከበደኝ። ሁለት ሆቴል ሄድኩ። አንዱ "ሁልጊዜ ታመጣለህ?" አለኝ። አልችልም አልኩት። ተለያየን። ሌላው 2 ኪሎ ወሰደ። የገና ጾም ስለሆነ የጾም ምግብ ላይ ጨመረው፤ ሽሮ ውስጥ፣ በአትክልት ጥብስም። በጾሙ ወቅት ሊቀጥል ተስማማን።

የተረፈውን አደረቅኩ። ከቤተሰብ የተሻለ ደንበኛ የድሬ ፀሐይ ናት! ጠዋት ሰነጣጥቄ ወንፊት ላይ ዘረጋሁ፣ ነጠላ ሸፈንኩበት፣ በማግሥቱ ከሰዓት እንደ ቆሎ ይሰበር ነበር። 3 ኪሎው 300 ግራም ሆኖ ቀረ።

ሻጋታ አዳኝ፦

ዘጠኝ እጁ ውኃ ነው፤ ልክ ነው። ደግሞ ፀሐይ ላይ ሲደርቅ ቫይታሚን ዲ ይሠራል። በማሰሮ ክዳኑን ገጥመህ አስቀምጠው። ትኩሱን ደግሞ በፌስታል አትሽጥ፤ ያልበዋል። በወረቀት ከረጢት ፍሪጅ ውስጥ አምስት ቀን አካባቢ ይቆያል።

የደቻቱ ዳር፦

ለቅመህ የጨረስከው ማብቀያስ የት ገባ? ያንን 10 ፌስታል ጣልከው?

የከዚራ ልጅ፦

የእናቴ ጎመን መደብ ሥር ገባ። ከሻገተው በቀር። እናቴ ስለ ከሰሉ ማንሳት አቁማለች።

ፈረስ መጋላ፦

ለፍየልም ይሆናል፤ ነጩ ድር ስላላላው ይመቻቸዋል። ጥቂት ጥቂት አለማምደህ ስጥ። ሻጋታ የነካውን ግን አይሆንም።

ስማኝ ልጄ፣ በመጪው ሳምንት ለድሬ የሚወርድ መኪና አለ። 4 ጆንያ አገዳ እልክልሃለሁ፣ በገዛሁበት። አንተ ደግሞ የእሙ ሀያትን ቅርፊት 2 ጆንያ ጫንልኝ። ሐረር ላይ ልሞክረው።

እሙ ሀያት፦

ሦስት ጆንያ ተለቅሞ ተቀምጧል። ቅዳሜ ከዙሁር በኋላ ና፤ ሴቶቹ ስላሉ ያግዙሃል። ጆንያዬን ግን መልስልኝ፣ ያለፈው ጊዜ አልመለስክም።

የከዚራ ልጅ፦

መስኮት ላይ ተሰቅሏል እሙ ሀያት። እርጥብ ነው። ሌላ ገዝቼ እመጣለሁ።